ቀሪ የሌለበት

ኅዳር ታጥኖ አለፈ፤ ጭሱ አልለቀቀም ገና፣
ጎረቤቴ ያነደደው ጎማ ሸተተኝ እንደገና።
መስኮቴን ዘግቼ፣ ደብተሬን ዘርግቼ፣
የዓመቱን ሒሳብ ልዘጋ ተቀመጥኩ ሻይ ቀድቼ።

የምን ሒሳብ? ትለኛለህ። የሰሊጥ ነጋዴ አይደለሁ፤
የጃፓን ታጋዮች ናቸው። (ሳቅ፤ ለምጄዋለሁ።)
የእህቴ ልጅ ነው ሳህኑን ጣራዬ ላይ የሰቀለ፣
"ጡረታ እንዳይከብድህ፣ አጎቴ" እያለ።
ቻናል ስቀያይር ድንገት፣ ሁለት ተራራ የሚያህል ሰው
በአፈር ክብ ውስጥ ቆሞ ጨው ሲረጭ ባየሁ፣
ያን ቀን ነው የጀመረው።

በዓመት ስድስት ውድድር፤ አሥራ አምስት ቀን አንዱ፤
ሲደመር ዘጠና። ዘጠና ቀን፣ ከረፋዱ
አራት ሰዓት ሲሆን ወንበሬን እስባለሁ፤
ለጣለ ክፍት ክብ፣ ለወደቀ ድፍን ክብ እጽፋለሁ።
ስማቸው ምላስ ያስራል፤ ስለዚህ እኔው አወጣሁ፦
ያን የማይነቃነቀውን ጃንተከል አልኩት፣ እንደ ዋርካው፤
ያን ደራሽ፣ ያን ግብታዊ፣ የነሐሴ ቀሃ
(ሲመጣ ጎርፍ፣ ሲጨርስ የጉልበት ውኃ)፤
ያን አጭሩን፣ ከሥር ገብቶ እግር የሚያነሣውን፣
ቅዳሜ ገበያ አልኩት፦ ሳታውቅ ኪስህን የሚያራቁተውን።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ዋንጫው ተሰጠ፤
ጃንተከል ወሰደው፤ ፊቱ እንኳ አልተለወጠ።
ሰባ ሁለት ድል፣ አሥራ ስምንት ሽንፈት፤
ከመቶ ልክ ሰማንያ። (ሁለት ጊዜ አሰላሁት።)
የብልኃት ሽልማቱ የቅዳሜ ገበያ ሆነ፤
የወኔው ለቀሃ፤ ያ ሁሉ ሥጋ፣ ዓይኑን እንባ ሸፈነ።

ቴሌቪዥኑ እዚህ ላይ ያበቃል። ደብተሬ አያበቃም።
ከሠንጠረዡ ግርጌ አንድ ሰው አለ፤ ማንም አያነሣውም።
ሠላሳ ስምንት ድል። ሃምሳ ሁለት ሽንፈት።
ስም እንኳ አላወጣሁለት።
በሐምሌው ጉልበቱ ዞሮ፣ በሰው ትከሻ ወረደ፤
በማግስቱ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣ፤ ጨው በትኖ ተራመደ፤
ወደቀም። በሦስተኛው ቀን መጣ። ወደቀም።
ድፍን ክብ ስሞላ እስክርቢቶዬ ደረቀ፤ እሱ አልደረቀም።
"ቀሪ" የሚለው አምዱ ግን
ከጥር እስከ ኅዳር ባዶ።

ቀሪ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመት
አዘዞ ላይ ስም ጠርቻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከጥቁር ሰሌዳ ፊት።
አንድ ዓመት ነበረ። ሰባተኛ "ለ"፤ ስልሳ አንድ ልጅ በመስከረም፤
በጥቅምት አርባ። በታኅሣሥ፣ እጄ መቁጠር አልፈለገም።
"ቀ" "ቀ" "ቀ" እያልኩ በቀይ፣ ገጹ ራሱ ቀላ፤
ዳይሬክተሩ "በመቶኛ ስንት?" አለኝ። አሰላሁለት። ሌላ
አላለም። እኔም አላልኩም።

አንዱ ብቻ፣ አዛናው፣ ከክፍሉ ሁሉ ውራ፣
ፈተናውን ባዶ እየመለሰ ይመጣ ነበር፤ "አቤት" ይላል ስጠራ።
ባዶውን ወንበር ስጠራም "የለም" ይላል በእነሱ ፈንታ፤
ሰኔ ሲገባ ሁለታችን ቀረን፤ ደወሉን ራሱ መታ።
ሽልማት ለአንደኛ ይሰጣል። ደንብ ነው።
ካርዱን ይዞ ሄደ አዛናው፤
"ወድቋል" ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ፣ በዚህ ጭስ ሥር፣
ከሽልማቶቹ በታች አንድ እጨምራለሁ፣ ጃፓን የማታውቀው ምሥጢር።
ዋንጫ የለውም፣ ብር የለውም፤ በእርሳስ አንድ ቃል፦
ተገኝቷል።

የእህቴ ልጅ ይገባል። "ዘንድሮ ማን በለጠ?" ይለኛል።
ጃንተከል፣ እለዋለሁ። ሠንጠረዡ እንደዚያ ይላል።
እሱ ሲወጣ መስኮቱን ከፈትኩ። ለዚያ ሰው ስም ያገኘሁለት መሰለኝ፤
በደብተሩ አልጻፍኩትም፤ ጮክ ብዬ ጠራሁት፤
ማንም አቤት አላለኝ።