ቀድሞኝ የሚሄድ ሲጋራ

ሩዊ፣ አርብ ሊነጋ ሲል፣ ከነዳጅ ማደያው ጥግ፣
ከመኪናው ራቅ ብዬ አንዷን በጥድፊያ ስምግ፣
ትርሲት በመስኮት አየችኝ። ምንም ቃል አልተነፈሰች፤
ከጎኗ ወንበር ሻንጣዋን ወደ ጉልበቷ መለሰች።
የሆስፒታል ጽዳት ናት፤ የሳንባ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ፤
ሽታዬን ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የምታውቅ።

ከሪያም ነው ዳገቱ፤ ዛፍ የለ፣ ሣር የለ፣
ድንጋይ ብቻ፣ እንደ ተረሳ ቆሎ ያረረ፣ የከሰለ።
መቶ እርምጃ ሳልሄድ ደረቴ እንደ አሮጌ ወናፍ
ሲያፏጭ ሰማው ፑርና፣ ቀድሞን ወጥቶ ከአፋፍ፤
ኔፓል የተወለደ፣ የባንክ ቤት ዘበኛ፣
ዳገት ላይ የሚዘፍን፣ ሜዳ ላይ ዝምተኛ።
በሰባራ ዓረብኛው፣ እጁን ዘርግቶ ጠየቀኝ፦
«ፓኮህን።» ሰጠሁት። ሊጥለው መስሎኝ ጨነቀኝ።
እሱ ግን ቆጠረ። አሥራ አንድ። ለአራት አከፋፈለ፤
ሦስት ለትርሲት፣ ሦስት ለዘውገ፣ ሦስት ለኑርሁሴን አለ፤
ሁለቱን የባርኔጣው ጥብጣብ ላይ፣ ከጆሮው በላይ ሰካ፤
«ሲያምርህ ድረስብን፤ አንዷን እንሰጥሃለን።» ለካ

እውነቱን ነበር። ያምረኛል፤ እሮጣለሁ፤ እወድቃለሁ፤
ዘውገን፣ ያንን ሲሚንቶ ጫኝ፣ እንደ ምንም እደርስበታለሁ፤
ይሰጠኛል፣ ቃሉን ጠብቆ። ክብሪትም ይጭርልኛል።
እኔ ግን ትንፋሽ የለኝ። በምኔ ስቤ ያምረኛል?
አየር ነው የራበኝ። ጥቂት በጣቶቼ መሃል ያዝኳት፣
እንደ ተዋስኩት እስክሪብቶ አመስግኜ መለስኳት።

ኅዳር እንዲህ አለፈ። ከታች የሙትራህ ወደብ፣
መርከቡም ያጨስ ነበር፤ ለብቻው፣ ያለ ሃሳብ።
ኑርሁሴን ቴምር አድሎ «ፍሬውን አትትፋ» ይለኛል፣
«አፍህ ሥራ ከፈታ ሌላ አመል ያመጣብሃል።»
የሦስት መቶ ሠራተኛ ወጥ ቤት ነው፤ ስለ አፍ ያውቃል።
በሥራ ቀን ጣቴ ሲቅበዘበዝ ለእሱ እደውላለሁ፤
«ሦስቱ ከእኔ ናቸው፤ አፋፉ ላይ ነኝ፤ ና ውሰድ» ይላል፤ እስቃለሁ።
ከጀርባው የድስት ክዳን ይንኳኳል፤ አፋፍ የለም፣ ተራራም፤
ግን እግሬ አምኖት ነው መሰል፣ ወደ ሱቁ አይራመድም።

በታኅሣሥ ግን ወደቅሁ። ማክሰኞ፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ደሞዝ ሦስተኛ ወሩን ቀርቶ፣ ስቆጥር የሰው ዕቃ፣
አንዱ ሹፌር ዘረጋልኝ። አንዷ ሄደች፤ አራት ሆኑ።
ጭሱን እንደ ቤተኛ ተቀበሉት ሳንባዎቼ፣ አልኮነኑ።

አርብ ልቀር አሰብኩ። ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ፤
ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ጡሩምባ ከፎቁ ሥር ሰማሁ።
ወርጄ ተናገርኩ፦ «አራት።» ዘውገ ግንባሩን ቋጠረ፤
ፈታው። «ዛሬ ከኋላ ጀምር።» ሌላ ቃል አልጨመረ።
ትርሲት ግን አለቀሰች፤ ለእኔ አልመሰለኝም። ስለ አልጋ
ቁጥር ዘጠኝ ተናገረች፤ አንድ ሰውዬ፣ ሐሙስ ሲነጋ...
አልጨረሰችውም። መኪናው ዝም ብሎ ተንደረደረ፤
ገና ሜዳ ላይ ሳለን፣ ፑርና በቋንቋው አንጎራጎረ።

ሙቀቱ ሊመለስ ነው፤ መጋቢት ሊጋመስ ደርሷል።
ምንተስኖት የሚባል ልጅ፣ ጋራዥ የሚሠራ፣ መጥቷል።
ያስላል። ፑርና ቆጠረ። አሥራ ሦስት። ሦስቱ ለእኔ።
በሸሚዝ ኪሴ ከተትኳቸው፤ በድሮ ቦታቸው፣ በግራ ጎኔ።
ይሸታሉ። ልዋሽ አልችልም። ይሸታሉ፣ ደግሞም ያምራሉ።
«ጋሼ፣ ቆየኝ!» ይላል ከታች፤ ጫማዎቹ ይንሸራተታሉ።
አልቆየውም። ዳገቱን በሁለት እግሬ፣ በሁለት እጄ
እቧጥጣለሁ። እንዳይደርስብኝ ነው?
ወይስ ከገዛ ኪሴ ነው የምሸሸው፣ ሄጄ ሄጄ?

እንጃ። ከላይ ነፋስ አለ።