ካርታ አለዎት?

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ከጭቃ ቤቶቹ መጨረሻው ቤት
ደረስኩ፤ ሜትር በኪሴ፣ ቀይ ቀለም በጣሳ፣
ፀሐዩ አናት የሚበሳ።

«ካርታ አለዎት?» አልኩኝ።
በቀን ሠላሳ ደጅ ይህን ነው የምለው፤
መልሱም የታወቀ ነው፦
ወይ እንባ፣ ወይ እርግማን፣ ወይ «ማመልከቻው ገብቷል»፣
ወይ ውሻው ይፈታል።

አቶ ዘርጋው ሳቁ። «ሰባት አለኝ» አሉ፣
ካልጋ ሥር፣ ከሻንጣ፣ ጨርቅ እየጎለጎሉ።
ማራገቢያ ናቸው፣ ካርታ የተሳለባቸው፣
ካያቴ ያያት ዕድሜ የሚልቅ ዕድሜያቸው።

እንደ ስማቸው አንዱን ዘርጋ ሲያደርጉት
ቀጭ ቀጭ አለ ዘንጉ፣ የዝሆን ጥርስ ስንጥር፣
ከሐሩ እጥፋት ወጣ አንድ የሚነድ ቅጥር፦
መርከቦች ከበውት፣ መድፈኛው ጉንዳን አህሎ፣
ሰው የሚያልቅበት ጦር በወርቅ ቀለም ተኩሎ።
የሆነች እመቤት፣ ሙቀት ሲሰማት፣
ያንን ሁሉ እልቂት
ፊቷ ላይ አራግባ ነፋስ አወጣችበት።

አንዱ የጃፓን ነው፤ መንገድ ብቻ፣ ከነማደሪያው፣
ጀርባው ላይ የወጪ ሂሳብ ደምሮበታል ነጋዴው።
በሌላው ላይ ዓባይ፤ ሠዓሊው ምንጩን ስቶ
ከጨረቃ ተራራ አፍልቆታል አምጥቶ።
«እሱም እንደ ቤቴ ጨረቃ ነው» አሉኝ፣
ሳልፈልግ አሳቁኝ።

«ይቺን የረሳቻት ፈረንጅ ናት፣ አቃቂ ባቡር ጣቢያ፤
ሻንጣ መዝጋቢ ነበርኩ፤ ዓመት ጠበቅኋት እዚያ።
ያቺን ከምናለሽ ተራ፣ ከዛገ ሰዓት መሃል፤
ሻጩ ‹የልጅ ዕቃ ናት፣ አምስት ብር ይበቃል›።
ይህቺን ግን ፒያሳ፣ ያንድ አርመን ዕቃ ሲሸጥ፣
የጣሪያችንን ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠሁ፣ ሳላላምጥ።

«ክረምቱ አፈሰሰብን። ሦስት ቀን ዘጋችኝ እጥፍወርቅ፣ ነፍሷን ይማር፤
ባራተኛው፣ ከሰሉ አልያዝ ሲላት፣ ሳትናገር፣
ይህቺኑ ብድግ አድርጋ አራገበችበት፤
ይኸው፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ እሳቱ የላሰበት።
ጠጋኝ አለ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፣ ይቅር፤
እሷ ያለችበት ካርታ የለማ፣ ከዚች ጥቁር ነጥብ በቀር።»

«እኛስ የት ነን?» አልኩኝ፣ ሥራዬን ረስቼ።
ጥፍራቸው ካንዱ ስንጥር ሥር ቆመ፤
ጎንበስ ብዬ አየሁ።
እጥፋት ነው።
ሲዘጋ ይዋጣል፣
ሲዘረጋም፣ ወረቀቱ እዚያ ጋ ተሰንጥቋል።

ቅጹ ሁለት ሳጥን አለው፦ «አለ»፣ «የለም»።
ሦስተኛ የለውም።
ምልክቴን አደረግሁ። ወጣሁና፣ ከግድግዳው ላይ፣
ሁለት ቀይ መስመር አቋረጥሁ፤
ቀለሙ ቀጥኖ ወደ ታች ይፈስ ጀመር፣
እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር።

አቶ ዘርጋው ተከትለው ወጡ።
አልተቆጡ።
«ቆይ፣ ልጄ፣ እንዲህ ከወረደ አያምርም» አሉና
ያችን ጫፏ የነደደውን ዘረጓትና
ቀስ አድርገው፣ ቀስ አድርገው፣
ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ
አራገቡልኝ።