ሻዩ እስኪያልቅ

በጥቅምት፣ እዚህ ሳሬማ ደሴት፣ ንፋስ ከውሃ ቀድሞ ይመጣል፤
ከዓሣ ማጨሻዬ ጣራ ላይ ቀጭን አንቴና ይንቀጠቀጣል።
የልጄ ልጅ ትሪኑ ናት በሐምሌ መጥታ የሰቀለችው፤
"ጆሮህ ሥራ ከሚፈታ" ብላ ከሰማይ ያዋዋለችው።

የሚያልፍ አውሮፕላን ሁሉ ሳይጠሩት አቤት ባይ ነው፤
"እዚህ ነኝ፤ ከፍታዬ ይህ፣ ፍጥነቴም ይህን ያህል ነው።"
ከኋላው አንዲት ቁጥር አለች፣ እንደ ጅራት የምትከተል፣
"ያልኩት ቦታ ስለመሆኔ በስንት እጅ ልመን?" የምትል።
ስምንት ከሆነች ሰላም ነው፤ ዜሮ ከሆነች ግን ጨለማ።
(ለሰውም ብትሰጥ ይህች ቁጥር ስንቱ ጠበኛ በተስማማ!)

ማክሰኞ ሌሊት ከሪጋ የተነሳው መጀመሪያ ታወረ፤
ቀጥሎ የስቶክሆልሙ፤ ሦስተኛውም ዜሮ ደረደረ።
የሳተላይት ድምፅ ምን አላት፣ ከሩቅ የመጣች ሹክሹክታ፤
ጎረቤት አፉን ከከፈተ ትሰጥማለች ባንድ አፍታ።
ግን አንዲት የፖስታ አውሮፕላን፣ ከሁሉም ዝቅ ብላ የምትበር፣
ስምንቷን ይዛ አለፈች፣ ምንም ያልሆነ ይመስል ነበር።
ከፍ ያለው ሁሉ ሲታወር ዝቅ ያለችው እንዴት ዳነች?
ምድር ናት፣ በጎባጣ ጀርባዋ ጩኸቱን የሸፈነች።

ይህን ያዝኩ። የድሮ የባሕር ካርታዬን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፤
ማን የት እንደጠፋ፣ የት እንደነቃ፣ በኮምፓስ እግር ወጋሁ።
ሠላሳ ክብ፣ አርባ ክብ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ሲደራረብ
ከባሕሩ ማዶ፣ ጫካ ውስጥ፣ ሽንብራ የምታህል ነጥብ።

ካርታውን ለሚመለከተው ቢሮ ትሪኑ ራሷ ላከችው፤
ግን አንድ ነገር አልዋጥላት አለ፣ ደጋግማ ያሰላችው፦
"በየቀኑ፣ ከረፋዱ አራት ከአርባ፣ ጩኸቱ ይቆማል፤
ሩብ ሰዓት። ማሽኑ ሲግል ነው? ወይስ ጄኔሬተሩ ይታመማል?"
"ይሆናል" አልኳት።
ስልኩን ዘጋሁ።
እኔ ግን አውቃለሁ።

ሻይ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መስኮት የሌለው የጡብ ቤት፤
ሥራዬ በባዕድ ራዲዮ ላይ ማጓራት ነበር፣ ቀንና ሌት።
ዜና አንባቢው አፉን ሲከፍት ማብሪያውን እጫናለሁ፤
ቃሉን፣ ወፍጮ እንደገባ እህል፣ ዱቄት አደርገዋለሁ።
እናቴ፣ ከሦስት መንደር ማዶ፣ ጆሮዋን ራዲዮው ላይ ለጥፋ፣
"እጁ ይቆረጥ!" ትል ነበር፣ ቃሉ ከመሃል ሲጠፋ።
እሑድ እሑድ እጠይቃታለሁ።
ያው እጄ
ዳቦ ይቆርስላታል።

ከረፋዱ አራት ከአርባ ላይ የሻይ ደወል ይደወላል፤
ማሽኑ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ሰማዩ ጥርት ይላል።
ያችን ሩብ ሰዓት እናቴ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣
እንደ ደመወዝ ትጠብቃት ነበር። ("ሄልዱር፣ ማን ይሆን?" አለችኝ።)
እኔም አንዳንድ ቀን፣ ለምን እንደሆን ሳልጠይቀው ራሴን፣
ስኳሩን ረጅም አማስል ነበር፣ ቀዝቅዞም አልጨርስ ሻዬን።

ያ ማዶ ያለው ማን እንደሆን አላውቅም። ልጅ እግር ይሆናል።
አላዝንለትም፤ ከአናቱ በላይ መቶ ሰማንያ ሰው ይበርራል።
ነገም እርሳሴን ቀርጬ ሽንብራዋን ሰናፍጭ አደርጋታለሁ፤
ደብተሬ ላይ ግን፣ ከቁጥሮቹ ጎን፣ ይህን ብቻ ጽፌያለሁ፦

ዛሬ ዝምታው
ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆየ።