ሰም የሞላው ጠርዝ

ሬኖ፣ በጥር ወር፣ የሆቴል ምድር ቤት፣
ሰዓት የማይሰቀልበት፣ መስኮት የሌለበት።
ጠረጴዛ ዘርግቼ የቁማር ጠጠር እሸጣለሁ፤
የፈረሰ ካሲኖ ባለ አምስት ቺፕ ይዣለሁ።

ጠርዙ ተሸርፎ ነበር። ትናንት ማታ
ሰም አቅልጬ ሞላሁት፣ ቀይ ቀባሁ በእርጋታ።
በጣቴ ስዳስሰው ለራሴም ጠፋብኝ፤
መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ማን ያውቃል? አሰኘኝ።

ሎሬታ የምትባል ሴት ከኤልኮ መጣች፤
አገላብጣ አየችው፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋች።
«አባቴ እዚያ ቤት ካርታ ያከፋፍል ነበር፤
ይህ በእጁ አልፎ ይሆን?» አለች።
አራት መቶ ዶላር ቆጠረች፣ ሁሉንም በሃያ ዝርዝር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ፤
እዚህ ግን ንጋት የለም፣ አምፖሎች ብቻ ይበራሉ።
ታዲያ ማን ያንጋልኝ?

«ቆዪ፣» አልኳት፣ «እዚህ ጋ ጫሪው በጥፍርሽ፤
ሰም ነው፣ ወርቅ የለውም፤ በእጄ ነው የሞላሁልሽ።»

ጫረችው። ቀይ ፍርፋሪ ከጥፍሯ ስር ቀረ።
ገንዘቧን ሰበሰበች፤
ሦስት ሃያ ሲቀር እጇ ቆመ፣ ተጠራጠረ።
«ሰሙን አውጣልኝ» አለች፤
«አባቴም ጥርሰ ሸራፋ ነበረ።»