ከገመዱ በኋላ

ከተምጫ ወንዝ ማዶ፣ ከደምበጫ ወረድ ብሎ፣
መሬቱ አልቆ ነበር በቃጫ ገመድ ተከፋፍሎ።
አባቴ ያን ዘመን ገመድ ጎታች ነበር፤
ቃጫው መዳፉ ላይ ጥሎበታል ስንብር።
በሰማንያ ዘጠኝ፣ ማሳው ሲሸነሸን፣
ለዚህ ቤት ሦስት ቃዳ፣ ለዚያ ሁለት ሲሆን፣
ጎጆ ወጪው ሁሉ ስሙ ተጠራና
ድርሻውን ወሰደ ችካል ተመታና።
እኔን ማን ይጥራኝ? ገና አልነበርሁም፤
ሁለት ዓመት ዘገየሁ፤ ገመድ አይጠብቅም።

ወንድሜ አንማው ደግሞ ከኔም ታናሽ ነው፤
ዐሥረኛን ጨረሰ፤ ሰርተፍኬቱ ያው
ግድግዳ ላይ አለ፣ ጭስ እያጠቆረው።
መስከረም ሲጠባ ሰሊጥ አጨዳ፣ መተማ፤
ትርፉ ወባ ነበር፣ ትርፉ አንድ ጥንድ ጫማ።
ለኔማ የታሰበው ወይ ባል ነው ወይ ቤሩት፤
ደላላውም ሽማግሌውም መጡ በአንድ ሰንበት።

«ተደራጁ» አለን የግብርናው ልጅ፤
ሦስት ወር ሙሉ ጠናን የጽሕፈት ቤት ደጅ።
«ፎርሙ አልቋል ለዛሬ፣ ኀሙስ ተመለሱ»፤
ኀሙስ ስብሰባ ነው፤ ዓርብ ለቅሶ ደረሱ።
ማስያዣ ሲጠይቁን፣ ምን አለን? ተያየን፤
ፈንታነሽ «አንዳችን ላንዳችን ዋስ ነን» አለችልን።
በስተመጨረሻ የተሰጠን ቦረቦር
የአበጀ ላም ወድቃ የሞተችበት ነበር።
ሰፈሩም ሳቀብን፦ «ለሥራ አጥ፣ አፈር አጥ!»
አብረን ሳቅን፤ ሳቁ ሲያልቅ፣ ድንጋይ ወደ መፍለጥ።

ሚያዝያን በክትር፣ ግንቦትን በእርከን፤
ባንቻምላክ በስድስት ወሯ፣ «ተይ» ብንላት አልሰማችን።
ሰኔ ላይ ጎርፉ መጥቶ ሁለት ክትር ወሰደ፤
ሦስተኛው ግን ቆመ፤ ደለል አቅፎ ለመደ።
ደለሉን ሰስባንያ፣ ግራዋ አለበስነው፤
አደዩ ሳይጠራ መጣ፣ ማንም ሳይተክለው።
«ሴት ቀፎ አትሰቅልም» ይል ነበር ያገር ደንብ፤
በእግሩ የሚቆም ቀፎ አምጥተን አኖርን ንብ።

አባቴ አንድ ማለዳ ገደሉ አፍ ላይ ቆመ፣
ያንኑ የቃጫ ገመድ በክንዱ እንደጠመጠመ።
«በቀፎና በቀፎ መካከል ስንት ይሁን?» አለ፤
ሦስት እርምጃ ስለው፣ ለካ፣ ችካል ተከለ።
ሌላ ቃል አልወጣው። እኔም አልጨመርሁም።
ሃያ ዓመት የዘገየ ገመድ አይነቀፍም።

ዓመቱ ሲዞር ግን፣ በመስከረም መባቻ፣
ንቡን በእፍኝ ዛቅነው፤ ሬሳ፣ ሬሳ ብቻ።
ከላይ ያለው ማሳ ያው የጋሽ ይስማው ነው፤
ረፋድ ላይ ነበረ መድኃኒት የረጨው።
ወንዶቹ ዱላ አነሡ፤ ክስ አሉ፣ ካሣ አሉ፤
ይታይሽ ዝም አለች።
ከዐሥራችን አንዷ ናት፤ ሚስቱም ናት በውሉ።
ያን ሌሊት ምን አለችው? እስከ ዛሬ አልነገረችንም፤
ግን ጋሽ ይስማው ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ሳትጠልቅ አይረጭም።

ዘንድሮ በጥቅምት ዘጠና ኪሎ ቆረጥን፤
የብድሩን ሲሦ ያህል ቆጥረን መለስን።
ባንቻምላክ በስሟ የቁጠባ ደብተር አወጣች፤
«የባልሽ ነው?» ቢላት ጸሐፊው፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነከረች።
ሀብታም አልሆንንም፤ ጫማችን ያው ላስቲክ ነው፤
የብድሩ ደብዳቤ ይመጣል ወር በወሩ፣ ቀኑን አይስተው።

ትናንት አንማው ደወለ ከመተማ በረሃ፤
ድምፁ ይቆራረጣል፣ እንደሚያልቅ የቧንቧ ውሃ።
«ባዶ ቀፎ አለ ወይ?» ሲለኝ ዝም አልሁ ላፍታ፤
መዝገቡ ላይ ገለጥሁ ዐሥራ አንደኛውን ቦታ።
ስሙን አልጻፍሁትም። እርሳስ ነው የያዝሁት።
«አካፋ ይዘህ ና፤ ክትር ይቀረናል» አልሁት።