አንቱ

ሰኞ ጠዋት መጣች፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛ፣
ጋወኗ ከመታጠፊያው ያልተፈታ፣ ትናንት ፒያሳ የተገዛ።
«ማስተዋል እባላለሁ። አንቱ ነዎት ኃላፊዬ?» አለች፤
ዘወር ብዬ ከኋላዬ አየሁ፤
የጋሽ መርሻ ወንበር፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ፣ ባዶ ነበረች።

በሠላሳ አንድ ዓመቴ አንቱ ስባል የመጀመሪያዬ ነው፤
ለእናቴ ዛሬም ማሙሽ፣ ለጎረቤት
«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ አምፖሉን ቀይረው» ነው።
ቃሉ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ እንደ ሰው ካፖርት ሰፋኝ፤
አላወለቅሁትም ግን። እውነቱን ልናገር፦ ሞቀኝ።

ጋሽ መርሻ እኔን ሁለት ወር ጠርሙስ ነበር ያሳጠቡኝ፤
«ለምን?» ስላቸው በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።
ተለማማጅ ትመጣለች ሲባል፣ እንደሳቸው አልሆንም ብዬ ማልሁ፤
አራት ሰዓት ሳይሞላ «ጠርሙሶቹን ሦስት ሦስቴ አለቅልቂ» አልሁ።

«ለምን ሦስቴ? አራቴስ ቢሆን?»
                «ደንቡ ነው።»
«የቧንቧውን አፍ በእሳት የምንለበልበው?»
                «ደንቡ ነው።»
«ሳንቀዳ በፊት ውሃውን ዝም ብለን የምናፈሰው?»
ይሄን እንኳ አውቀዋለሁ፤
ግን ደንቡ ነው ማለት ጣፈጠኝ መሰል፣ ደገምሁት።

ሐሙስ ለናሙና ወጣን በባጃጅ፣ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፤
ከማራኪ ወደ አራዳ፣ እኔ አስጎብኚ፣ እሷ ደብተሯን ዘርግታ።
ሳሙና በር ቦኖው ዘንድ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ሲጠብቁ
«መጣችሁ ደግሞ?» አሉን፣ «በሉ ቀድታችሁ ቶሎ ልቀቁ!»

ብልቃጡን ሞላች፣ ክኒኗን ጨመረች፣ ከድና ወዘወዘች።
እኔ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ሞላሁ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፤
ክሎሪን፦ ዜሮ ነጥብ ሦስት።
እጄ በቃሉ ያውቀዋል፤ እንዲህ ነው የጻፈው ዓመቱን።

«ሮዝ አልሆነም» አለች፣ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንሥታ።
«ቆይ፣ ይሆናል።»
ቆየች። በከንፈሯ ብቻ እስከ ስልሳ ቆጠረች።
ውሃው ቀለም የለውም።
ቀለም ያለው የኔ ወረቀት ነው፣
ዜሮ ነጥብ ሦስት፣ ገና ያልደረቀ።

ወረቀቱን አየች። እኔን አየች።
«ክኒኑ ጊዜው አልፎበት ይሆን እንዴ?» አለችኝ
በቀስታ፣ መውጫ በር ስትከፍትልኝ።

ፓኬቱን አገላበጥሁ። አላለፈበትም።

ሰረዝሁ። ዜሮ ጻፍሁ። ከጎኑ ፈረምሁ።
ማጣሪያ ጣቢያው ደወልሁ፤ ዘበኛው ነው ያነሣው፤
ኦፕሬተሩን እስኪጠራ አንድ ጀሪካን ሞልቶ ፈሰሰ።
«አፍልታችሁ ጠጡ» ማለት ለእኔ ከበደኝ፤
እሷ ነገረቻቸው፣ ለእያንዳንዷ፣ ጎንበስ እያለች፤
«ከመቼ ጀምሮ?» አለች አንዲት፣ ልጅ ያዘለች።
ማስተዋል ወደኔ ዞረች።
እኔ ቅጹን አጠፍሁት፣ ገና ሳይደርቅ።

ስንመለስ፣ ሳትጠይቀኝ፣ «የቆመ ውሃ ነው» አልኋት፣
«ቧንቧው ውስጥ ያደረው። መጀመሪያ እሱን እናፈሳለን፤
እውነተኛው ከኋላ ነው የሚመጣ።»
ጻፈችው፣ ባጃጁ እያንገጫገጫት።
«ሦስቴ ማለቅለቁስ?»
«አላውቅም» አልኋት። «ነገ አብረን ፈልገን እናንብብ።»

«አንተም አታውቅም?» አለች፣
አለችና አፏን ያዘች።

አላረምኋትም።
የአራዳ ነፋስ በጎን ገብቶ ትከሻዬን ነካኝ፤
ካፖርቱ የለም፣
ትንሽ በረደኝ።