በሰው እግር

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር፣
ቆመናል አምስት ጎልማሶች፣ እንደ አዲስ መራመድ ልንማር።
እኔ ዓሣ ቆራጭ ነኝ፣ ከጋስፔ ወደብ ፋብሪካ፤
ሬዣን ፖስታ አዳይ ነው፣ ዕድሜውን በእግሩ የለካ፤
ሁለቱ እህትማማቾች፣ ሶላንጅና ኦዲል፣
ስለ ጓንት የሚጣሉ ገና ሳይጀመር ትግል፤
አምስተኛዋ ፈርናንድ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቷ፣
የሟች ባሏን ጫማ አዝላ፣ ጠፍሩን ቋጥራ በደረቷ።

የእኛ የበረዶ ጫማ ፕላስቲክ ነው፤ ብርቱካናማ፣ የኪራይ።
የእሷ የጎበጠ እንጨት፣ በአጋዘን ጠፍር የተጠላለፈ፤ ሲያዩት
ትንሽ የጠፍር አልጋ፣
እግር የሚተኛበት።

መሪያችን ጊሌን ተንበርክካ ማሰሪያችንን አጠበቀች፤
«እግራችሁን ከፈት! እንደ ዳክዬ» አለች።
ሬዣን ሦስት እርምጃ ሄዶ የራሱን እግር ረገጠ፤
ሠላሳ ዓመት በእግሩ ያደረ ሰው
በግንባሩ ተደፍቶ በረዶ አላመጠ።
ጎትተን ስናቆመው፣
ወፌ ቆመች! አልነው።

ፈርናንድ በየኪሷ ትኩስ እንቁላል ይዛለች፤
«ለእጅ ማሞቂያ ነው፣ ኋላ ደግሞ ምሳ» አለች።
ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የተባለለት እንቁላል
ዛሬ በሰው ኪስ ተቀምጦ
ተራራ ይወጣል።

ጥዶቹ አንገት ደፍተዋል፣ ነጭ ሸክም ተሸክመው።
ከእኛ ፊት የሆነ እስከ ጉልበት ይሰምጣል፤
ሁለተኛው እስከ ቁርጭምጭሚት፤
አምስተኛው በተነጠፈለት
እንደ ሙሽራ ይሄዳል።
ስለዚህ በየመቶ እርምጃው ፊተኛው ወደ ጎን ይወጣል፣
ቆሞ ይተነፍሳል፣ ሁሉም ሲያልፍ
ከጭራ ይገባል።
ሹመትም እንዲህ ቢሆን ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤
ትንፋሽ አጠረኝና ተውኩ።

ተራራው ፔርድሪ ይባላል፤ ቆቅ ማለት ነው።
«ታዲያ ቆቋ የታለች?» አለ ሬዣን፣ «ስም ብቻ ነው።»
አፉን ሳይዘጋ
ከእግሩ ሥር በረዶው ፈነዳ፤
ክንፍ፣ ጩኸት፣ ብናኝ!
ሌሊቱን በረዶ ተከናንባ የተኛች ወፍ
ጣሪያዋ ላይ የቆመውን ፖስተኛ
በጥፊ መትታ በረረች።
ኦዲል ጎኗን እስኪያማት ሳቀች።
ሬዣን ቆቡን ፈልጎ፣ በረዶውን አራግፎ፣
«ሳትፈርም ሄደች» አለ።

ዛፍ አጠረ። ነፋስ ረዘመ።
ለጫፉ ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀር
ጧ! አለ የፈርናንድ ጠፍር።
ባሏ አርማን በየዓመቱ ይወጣ ነበር፤
«ለከርሞ እወስድሻለሁ» እያለ፣
ሠላሳ አንድ ከርሞ አለፈ።
«ሂዱ» አለች፤ «የሚሄድ ሰው ጀርባ ማየት ለምጄአለሁ።»
ማንም አልሄደም።
ሬዣን ከቦርሳው የፖስታ ማሰሪያ ገመድ አወጣ፤
በጓንት አልያዝ ሲለው በባዶ እጁ፣ ጣቱ እስኪነጣ፣
ቋጠረላት፤
አድራሻው ሩቅ እንደሆነ ጥቅል።

ጫፉ ላይ ምን አየን? ምንም።
ደመና፤ በውርጭ የወፈረ አንድ ምሰሶ፤
ላይም ታችም የሌለው ነጭ።
«ባሕሩ እዚያ ነው» አለች ጊሌን፣ ጭጋጉን እየጠቆመች፤
አመንናት።
የቆየነው አራት ደቂቃ ነው።
ፈርናንድ የመጨረሻውን እንቁላል አወጣች፤ ቀዝቅዟል።
ለአርማን ልታኖርለት ነው ብዬ
ዓይኔን ሰበር አደረግሁ።
እሷ ግን ምሰሶው ላይ ቀጭ አደረገችው፣
ላጠችው፣
ቆማ፣ ለማንም ሳታካፍል በላችው።
«ጨው ረሳሁ» አለች።

ስንመለስ ዱካችን እኛን አይመስልም፤
ስሙን የማናውቀው ሰፊ አውሬ ያለፈ ይመስላል።
በአንዱ ዱካ ላይ ብቻ የጠፍር ሽመና ታትሟል፤
እሱንም ነፋሱ እየሞላው ነው።

«ለከርሞም እንመጣለን» አለ ሬዣን መኪናው ጋ።
«ከርሞ አትበሉኝ፤ ቅዳሜ» አለች ፈርናንድ።

የኪራዩን ጫማ ፈትቼ፣ መልሼ፣
በአስፋልቱ ላይ ብራመድ፣
እግሬ አነሰኝ።